ፓምፑ ውሃ ለምን ይለቃል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ማረፊያ የመዋኛ ገንዳውን የምከታተለው እኔ ነኝ። ፓምፑ የተቀመጠው ከገንዳው ውሃ 1.2 ሜትር ያህል ከፍ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ማታ ሳጠፋው የፓምፑ ቅርጫት በውሃ የተሞላ ነው፤ ጠዋት ስከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። በባልዲ ሞልቼ ሳስነሣው ጥቂት ሰዓት ይሠራና በመስታወት ክዳኑ በኩል አረፋ ይታያል፣ የማጣሪያው ጌጅም ይወርዳል። ቧንቧው የትም ቦታ ሲያንጠባጥብ አላየሁም። ያየው ባለሙያ ፓምፑ አርጅቷል፣ ይቀየር አለ። ልቀይረው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። የጻፉልን ምልክት ሁሉ ከገንዳው እስከ ፓምፑ ባለው የመሳቢያ መስመር አየር እየገባ መሆኑን ያሳያል። ሲያንጠባጥብ ያላዩትም ለዚህ ነው። ፓምፑ ሲሠራ በዚያ መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳ ካለ ውሃ አያወጣም፣ አየር ያስገባል እንጂ።

ሌሊት የሚሆነውም ከዚሁ የመጣ ነው። ቀጭን ቱቦ ውሃ ውስጥ ነክረው የላይኛውን አፍ በአውራ ጣት ደፍነው ቢያነሡት ውሃው አይወርድም፤ ጣትዎን ሲያነሡ ወዲያው ይፈስሳል። የእርስዎም ውሃ ወደ ገንዳው የሚመለሰው አንድ ቦታ ላይ አየር ስለተተካለት ነው። ያንን ቦታ ነው የምንፈልገው።

በቀላሉ ይጀምሩ። የገንዳው ውሃ የስኪመሩን (በገንዳው ግድግዳ ላይ ያለውን የላይኛውን ውሃ መሳቢያ) አፍ እስከ ግማሽ መሸፈን አለበት፤ ከዚያ ከወረደ ስኪመሩ ከውሃው ጋር አየርም ይስባል። ቀጥሎ የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ያጥፉና የፓምፑን ክዳን ይክፈቱ። ከክዳኑ ሥር ያለውን ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያ በሁለት ጣት ይዘው እያጠፉ ዙሪያውን በሙሉ ይመልከቱ። ሲታጠፍ የሚከፈቱ ጥቃቅን ስንጥቆች ካሉ፣ ወይም ጎማው ክብነቱን ትቶ ጠፍጣፋ ከሆነ ይቀይሩት። የሚቀመጥበትን ቦይም በጣት ይዳስሱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም አንዲት ፀጉር ሙሉውን ፓምፕ አየር ታስይዛለች። ሲመልሱት የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ይቀቡት። ቫዝሊንና የመኪና ግራሶ አይጠቀሙ፤ የነዳጅ ውጤት በመሆናቸው አንዳንዱን የጎማ ዓይነት አሳብጠው ያበላሹታል። እንዲህ ያለው ብልሽት በብዛት የሚገኘው እዚሁ ክዳን ላይ ስለሆነ ሥራውን በጥንቃቄ ይሥሩት።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ፓምፑን አስነሥተው የመላጫ አረፋ ወይም በደንብ የተመታ የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይቀቡ፤ በቫልቮቹ እጀታ ሥር፣ በዩኒየኑ (ተፈትቶ በሚገጠመው የቧንቧ መጋጠሚያ) ዙሪያ፣ በፓምፑ ታች ባሉት የማፍሰሻ ቡሾች ላይ። አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ቦታውን አገኙት። የሚቀባ አረፋ ከሌለዎት በየመገጣጠሚያው ላይ ውሃ እያፈሰሱ ሌላ ሰው ክዳኑን ይይልዎት፤ በቅርጫቱ ውስጥ ያለው አረፋ የቆመበት ቅጽበት ቦታውን ይነግራችኋል። ከመገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ይልቅ የምንጠረጥረው ቧንቧው ፓምፑ ውስጥ የሚገባበትን ጥርስ ያለውን ፒቪሲ ነው። ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ይሞቃል፣ ሙቀቱ ፒቪሲውን ያለሰልሰዋል፣ ጥርሱም ይሸሻል። ላዩ ላይ ማስቲሽ መለጠፍ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ፈትቶ አዲስ መግጠምና በቴፍሎን ማሰር ይሻላል።

በፓምፑና በሞተሩ መካከል ያለውን የሻፍት ሲልም (የሚሽከረከረውን ዘንግ ዙሪያ የሚያሽገውን) አይርሱ። እሱ በግፊት በኩል ስለሆነ ፓምፑ ሲሠራ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ሲቆም ደግሞ አየር ያስገባል። ከሥሩ እርጥበት ወይም ነጭ የጨው ምልክት ካለ ሲሉ ይቀየር። ፓምፑ ግን አይጣልም።

ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ካለ ከፍተው ምላሱ ሥር ጠጠር እንዳልገባ ይዩ። ከሌለ ማስገባቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአየሩን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ቼክ ቫልቭ ቢያስገቡ የጠዋቱ ባዶ ቅርጫት ይጠፋል፣ የቀኑ አረፋ ግን ይቀራል።

ውሃ ሲሞሉም መጠኑን ይወቁ። ባለ 2 ኢንች ቧንቧ በሜትር 2 ሊትር ያህል ይይዛል፤ መሳቢያው 10 ሜትር ከሆነ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል፣ የቅርጫቱ ሳይቆጠር። ክዳኑን ካሰሩ በኋላ በማጣሪያው አናት ያለውን የአየር ማስወጫ ከፍተው ያስነሡት፤ ውሃ ሲመጣ ይዝጉት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልያዘ አጥፉት። ሲሉን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነው፤ ያለ ውሃ ይቃጠላል።

ከፍታውም ይታሰብ። ፓምፕ ውሃን ራሱ ጎትቶ አያወጣም፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ጠለል ይህ ክብደት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያቆም ይችላል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ብርሃን ግን ወደ 7.3 ሜትር ይወርዳል። የእርስዎ 1.2 ሜትር ችግር የለበትም። ሆኖም የፓምፕ መመሪያ ላይ ያለው የመሳብ ቁመት ለቆላም ለደጋም አንድ እንዳልሆነ ይወቁ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ፓምፑ ቆሞ የሚያድር ከሆነ ደግሞ የማፍሰሻ ቡሾቹን ፈትተው ውሃውን ያውጡ፤ በረዶ ክዳኑንና የቅርጫቱን ቤት ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ከወንዝ እየሳብኩ ሽንኩርት አጠጣለሁ። ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ነው። ውሃ እያወጣ ሳለ ድንገት ያቆማል፤ ሞተሩ ግን ይጮሃል። ቱቦው አዲስ ነው።

መልስ፦ ቱቦው አዲስ ከሆነ ዓይንዎን ወደ ሁለቱ ጫፎቹ ይመልሱ። ውሃው ውስጥ ያለው ወንፊት ቢያንስ ግማሽ ሜትር መጥለቅ አለበት። ወንዙ ሲጎድል ከወንፊቱ በላይ ትንሽ ሽክርክሪት ይታያል፤ በዚያ መካከል አየር እየገባ ነው። ጉድጓድ ቆፍረው ወንፊቱን በቀዳዳ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጡት፤ ደለሉንም ይከላከላል።

በፓምፑ በኩል ቱቦው የሚታሰርበትን ማሰሪያ ይመልከቱ። አንድ ማሰሪያ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ይጨምሩና ብሎኖቻቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ ያዙሩ። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ሲያጥቡት ይወድቃል፣ ሳይታይ ይቀራል።

ቱቦው ከወንዙ እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ እየወጣ መሄድ አለበት። ድንጋይ ላይ ተንተርሶ ከፍ ብሎ እንደገና ከወረደ እዚያ ጉብታ ላይ አየር ይጠራቀምና ውሃውን ይቆርጠዋል። ፓምፑንም ወደ ውሃው ያውርዱት፤ ግፊቱን ወደ ማሳው ማድረስ ይችላል፣ መሳቡ ላይ ግን ደካማ ነው። ከውሃው በላይ ያለው ቁመት ከ4 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ከማስነሣትዎ በፊት የፓምፑን ሆድ በላይኛው ቡሽ እስኪፈስ ድረስ ይሙሉት፣ በንጹሕ ውሃ። ከሞሉት በኋላ ሞተሩን ሳያስነሡ 10 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይዩት፤ ውሃው ከወረደ በመግቢያው ያለው የጎማ ምላስ አልዘጋም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ አሸዋ ተቀምጦበት ይገኛል።