ነፍሰ ጡር ሆኜ ማጥባቴን ልቀጥል?

ጥያቄ፦ ልጄ 1 ዓመት ከ3 ወር ሆኖታል። ምግብ ጀምሯል፤ ጡትም አልተወም። ሐሳቤ እስከ 2 ዓመቱ ላጠባው ነበር፤ አሁን ግን የ3 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ «የእርጉዝ ጡት ልጁን ያስቀምጠዋል፤ እሬት ቀብተሽ ዛሬውኑ አስጥዪው» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? (ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት! እሬቱን ግን ይተዉት። እርስዎ ጤነኛ ከሆኑና እርግዝናው ችግር ከሌለበት፣ ማርገዝዎ ብቻውን ልጁን ጡት ለማስጣል ምክንያት አይሆንም። የእርጉዝ ወተት ልጅ አያሳምምም። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ የሚያመጣው በአብዛኛው ያልተጣራ ውኃ፣ ያልታጠበ እጅና ያደረ ምግብ ነው።

አማትዎ ግን ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። እናቱ ስታረግዝ የከሳና የታመመ ልጅ አይተው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልጅ እኔም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የጎዳው በድንገት ጡት መጣሉና በምትኩ የሚረባ ምግብ አለማግኘቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ ጤና ሚኒስቴራችን የሚመክሩት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ነው። በሁለተኛው ዓመት የእናት ጡት ከሚያስፈልገው ጉልበት ሲሶ ያህሉን ሊሸፍን ይችላል። ልጁ ታሞ ምግብ እምቢ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ጡት ብቻ ነው።

እርግዝናው ወደ 4ኛና 5ኛ ወር ሲገባ ወተትዎ ሊቀንስ፣ ጣዕሙም ሊለወጥ ይችላል። በራሱ የሚተው ልጅም አለ። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሳህኑ ነው። በእኛ አካባቢ ልጅ ቆጮ በልቶ ጠገበ ይባላል፤ ቆጮ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው። ከወተት፣ ከእንቁላል ወይም ከምስር ጋር ይስጡት። ከሐይቃችን የሚወጣው ዓሣ አጥንቱ በጥንቃቄ ተለቅሞ፣ በደንብ በስሎና ተፈጭቶ ለእሱ ግሩም ምግብ ነው። አቮካዶም በየገበያው አለ። ገንፎው በማንኪያ ሲነሣ የማይንጠባጠብ ይሁን፤ ቀጭን አጥሚት አያሳድግም። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይመግቡት፤ በመካከልም መክሰስ ይጨምሩ። ሻይ አይስጡት፤ ሰውነቱ ከምግቡ ብረት እንዳያገኝ ያደርጋል።

እርስዎም ለሦስት እየበሉ ነውና ማዕድዎን ይጨምሩ፤ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብሉንም አያቋርጡ። ደም ከታየዎት፣ ሲያጠቡ ሆድዎ እየተኮማተረ ካመመዎት፣ ከዚህ በፊት ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ወይም ተደጋጋሚ ውርጃ ካለ፣ ወይም እርግዝናው መንታ ከሆነ፣ ማጥባቱን ከመቀጠልዎ በፊት የሚከታተልዎትን ባለሙያ ያማክሩ።

ደከመኝ፣ ይበቃኛል ካሉም መብትዎ ነው፤ ማንም ሊወቅስዎ አይገባም። በአንድ ቀን ግን አይሁን። መጀመሪያ የቀኑን አንድ ጊዜ ያስቀሩ፤ ጥቂት ቀናት ቆይተው ሌላውን። የሌሊቱን ማጥባት ከሁሉም በኋላ ያስቀሩት። በድንገት ሲቆም ጡትዎ ተወጥሮ ሊቆስል ይችላል፤ ልጁም ያዝናል። አማትዎ ሊረዱዎት ከፈለጉ ማታ ማታ እሳቸው አቅፈው ያስተኙት፤ ከእሬቱ ይልቅ ይህ ብዙ ያግዝዎታል።

እስከ ወሊድ ከቀጠሉ፣ ሲወልዱ ቅድሚያው የአራስ ልጅዎ ነው። እንገሩ ለእሱ ነውና እሱ ጠግቦ ሲያበቃ ታላቁ ይጥባ።

ልጅዎ በዚህ ዕድሜው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ይደርሰዋል። ለክትባቱ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የክንዱን ዙሪያ እንዲለኩለት ይጠይቁ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሳይዘገዩ የምግብ ሕክምና ይጀመርለት። አማትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ምክሩን ከባለሙያው አፍ ይስሙት።