ውጤቴ ጥሩ ነው፤ ታዲያ ምን ያስፈራኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ውጤቴ አያሳፍርም። የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ግን «የመግባባት ችሎታ፣ የቡድን ሥራ፣ ችግር ፈቺነት» ይላል። እነዚህን ማንም ፈትኖኝ አያውቅም። ለሥራ ዝግጁ መሆኔን በምን ልወቅ?

መልስ፦ መፍራትሽ ደግ ነው። እኔ ስመረቅ ምንም አልፈራሁም፤ ያስከፈለኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቦታ የአንድ ሻፍት (የሚሽከረከር የማሽን ዘንግ) ድሮዊንግ ሠራሁ። ጥንቃቄ መስሎኝ ሁሉም ልኬት ላይ ፕላስ ማይነስ 0.01 ሚሊሜትር ጻፍኩ፤ ከዚያ በላይ መዛነፍ አይፈቀድም ማለት ነው። የቶርኖ ባለሙያው ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ይሄ ጫፍ ምን ይነካል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ከፀጉር ለቀጠነ ነገር ግማሽ ቀን ላቃጥል?»

ያን ያህል ጥበት የሚያስፈልጋቸው ኩሽኔታ የሚቀመጥባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ ነበሩ። ያ ነጻ ጫፍ 0.2 ይበቃው ነበር። ሃያ እጥፍ የላላ! ስሌቴ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ግን ወርክሾፕ ወርጄ «ይሄን እንዴት ትሠራዋለህ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ባለሙያው ቀይ እስክሪብቶ አወጣና የማያስፈልገውን ጥበት አብረን ሰረዝነው።

ማስታወቂያው «መግባባት» የሚለው ይሄንን ነው። አንደበተ ርቱዕ ሁኚ ማለት አይደለም። (አፋቸው ማር የሆነ፣ ሥራቸው የማይረባ ኢንጂነሮች ሞልተዋል።) ነገሩ የቀጣሪዎች ፋሽንም አይደለም። አገሮች አንዳቸው የሌላውን የምህንድስና ትምህርት የሚቀበሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት፣ ከተመራቂ የሚጠበቁ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ የቡድን ሥራና መግባባት አሉበት። ፈተና ላይ ስለማይመጡ ነው የማይታዩት።

ስለዚህ ራስሽን ፈትኚ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ድሮዊንግ ማሽን ላይ ለሚሠራ ሰው ስጪና ዝም በይ። አታብራሪ። የሚጠይቅሽን ሁሉ ጻፊ፤ ክፍተትሽ እዚያ ውስጥ አለ። ቀጥሎ ፕሮጀክቱን ያለ አንድ ቀመር በአንድ ገጽ ጻፊው። ምህንድስና ያልተማረ ሰው አንብቦ መልሶ ይንገርሽ። የነገረሽ ሌላ ነገር ከሆነ እንደገና ጻፊ።

የቡድን ሥራውን በተመለከተ፣ አንዱ ሠርቶ አራቱ ስም የሚያስገቡበትን አትቁጠሪው። ቃለ መጠይቅ ላይም «በቡድን መሥራት እወዳለሁ» አትበይ፤ ሁሉም የሚለው እሱን ነው። ያልተስማማችሁበትን ቀን ንገሪያቸው። ማን ምን አለ፣ አንቺ የቱ ላይ ተሳሳትሽ፣ በምን ተፈታ።