የቁም መስመር እኩልታ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በ(4, −1) እና በ(4, 7) ለሚያልፍ መስመር ስሎፑን (የዋይ ለውጥ ለኤክስ ለውጥ ሲካፈል) ሳሰላ 8/0 ይወጣብኛል። ከዚያ ወዴት ልሂድ?

መልስ፦ ስሎፑን ተወው። የሁለቱም ነጥቦች ኤክስ 4 ነው፤ መስመሩ ላይ ያለ ሌላ ነጥብ ሁሉ፣ (4, 0)ም ሆነ (4, 1000)፣ ኤክሱ 4 ነው። ስለዚህ እኩልታው ኤክስ = 4፣ አለቀ። ዋይ ያልተጻፈው የፈለገውን ዋጋ መውሰድ ስለሚችል ነው። ሁለት ነጥብ ሲሰጥህ መጀመሪያ ኤክሶቹን አስተያይ፤ እኩል ከሆኑ ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ስሎፑ ዜሮ ነው ይላል፤ እኔ ኢንፊኒቲ ነው እላለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም አልሆነላችሁም። ዜሮ የአግድም መስመር ስሎፕ ነው፦ ዜሮው ላዕል ላይ ሲሆን 0/8 = 0። እዚህ ግን ዜሮው ታሕት ላይ ነው። ኢንፊኒቲም የማያስኬደው ለምን እንደሆነ ለማየት ከላይ ያለውን ሁለተኛ ነጥብ ትንሽ ገፋ አድርጉት። (4.01, 7) ሲሆን ስሎፑ 8/0.01 = 800 ነው፤ (3.99, 7) ሲሆን ደግሞ −800። ወደ 4 በተጠጋችሁ ቁጥር አንዱ ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል ይሸሻል እንጂ አንድ ቁጥር ላይ አይገናኙም። ያልተበየነ የሚባለው ለዚህ ነው። ፈተና ላይም «ስሎፕ የለውም» ከማለት «ያልተበየነ» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ዜሮ ማለት አድርጎ የሚያርም አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ከኤክስ = 4 ጋር ቀጤ ነክ ሆኖ በ(−2, 5) የሚያልፈውስ? የስሎፖቹ ብዜት −1 ነው የሚለው ደንብ አልሠራልኝም።

መልስ፦ ደንቡ የሚሠራው ሁለቱም መስመሮች ስሎፕ ሲኖራቸው ነው። ለቁም መስመር ቀጤ ነክ የሚሆነው አግድም ስለሆነ ዋይ = 5። ትይዩውን ብትጠየቂ ኤክስ = −2።

ጥያቄ፦ በ(ኬ + 1, 2) እና በ(3ኬ − 5, 7) የሚያልፈው መስመር ቁም እንዲሆን ኬ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ኤክሶቹን አስተካክል፦ ኬ + 1 = 3ኬ − 5፣ ስለዚህ ኬ = 3። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መስመሩን «ኤክስ = 3» ብሎ ይጽፋል። 3 የኬ ዋጋ ነው። መልሰህ ስትተካው ነጥቦቹ (4, 2) እና (4, 7) ይሆናሉ፤ መስመሩ ኤክስ = 4።

ጥያቄ፦ ግራፍ የሚስለው ካልኩሌተሬ ኤክስ = 4ን አልቀበልም አለኝ።

መልስ፦ «ዋይ =» የሚለው ቦታ የሚቀበለው ፈንክሽን ብቻ ነው፤ ቁም መስመር ደግሞ ለአንድ ኤክስ ብዙ ዋይ ስላለው ፈንክሽን አይደለም። ጂኦጄብራ በሚባለው የግራፍ መሳያ ፕሮግራም ላይ እኩልታውን እንዳለ ጻፈው፣ ይስለዋል።