ግቢ ለምትገቡ ልጆቼና ለአባቶቻችሁ

«ቲቸር፣ አባየ ያስሞላኝን ምርጫ ሳልነግረው ብቀይረው ኃጢአት ይሆንብኛል?»

ይህን የጠየቀችኝ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የጎረቤቴ ልጅ ናት። 12ኛ ክፍል ተፈትና አልፋለች። አባቷ በዩኒቨርሲቲ ምርጫዋ ባሕር ዳርን አንደኛ፣ ደብረ ማርቆስን ሁለተኛ፣ እንጅባራን ሦስተኛ አስሞልቷታል። ሁሉም ጎጃም ውስጥ ናቸው። እሷ የምትፈልገው ሐዋሳን ነው። ለምን ሐዋሳ ብላት ቲክቶክ ላይ ያየችውን ግቢ አሳየችኝ። ሐይቅ፣ ዛፍ፣ የሚስቁ ተማሪዎች። ሐይቅማ ባሕር ዳርም አለ አልኳት። ዝም አለች። ነገሩ ሐይቁ እንዳልሆነ ሁለታችንም ገባን። ከቤት መውጣት ፈልጋለች።

ስለ ኃጢአቱ የነፍስ አባት አላት፣ ለእሳቸው ተውኩት። ጥያቄዋ ግን ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። ወንድሜን አስታወሰችኝ።

እኛ የብቸና ልጆች ነን። አባታችን ገበሬ ነበር፤ ነጭ ጤፍ የሚያበቅል፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ልጆቹን ግን አንድ በአንድ ያስተማረ። እኔ አስተማሪነት ጀምሬ ክረምቱን ቤት ነበርኩ። ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። ታናሽ ወንድሜ ማትሪክ ጥሩ ውጤት አመጣ። አባየ ባሕር ዳር ሄዶ አስተማሪ ይሁን አለ። ቅርብ ነው፣ ደመወዙ እርግጥ ነው፣ እህቱም አስተማሪ ናት። ወንድሜ አዲስ አበባ ምህንድስና ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ያ ክረምት በጭቅጭቅ አለቀ። በኋላ ጭቅጭቁም ቀረና ኩርፊያ ሆነ። ወንድሜ አባየ ከተነሳ በኋላ ነበር ወደ ማዕድ የሚቀርበው። እማየ በሁለቱ መሃል ወጥ ስታሞቅ ክረምቱ ወጣ።

ምደባው ሲመጣ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም አልነበረም። ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነበር፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምትሉት። ከቤታችን ማንም ስሙን በወጉ አያውቀውም። አባየ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ከሐረር ወዲህ ነው ወዲያ?» ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና በድሬዳዋና በሐረር መሃል ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ስንጨቃጨቅ ጊዜው አልቆ ለመንገድ ምንም አልተዘጋጀም። እማየ በሶ የፈጨችው በመጨረሻዋ ሌሊት ነው። አዲስ አበባ የት እንደሚያድር፣ ለገሃር ሄዶ ባቡሩን እንዴት እንደሚሳፈር፣ ብሩን የት እንደሚይዝ የነገረው ሰው የለም። ጠዋት መኪናው ሲነሳ አባየ «በል እንግዲህ፣ የፈለግኸውን አገኘህ» አለው። የፈለገውን አላገኘም ነበር። ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ወንድሜ ቤት አልመጣም። ክረምቱን እዚያው ሥራ እየፈለገ ያሳልፋል። ደብዳቤ ለእኔ ይጽፋል። አባየ ሁልጊዜ «አንች፣ ደብዳቤ መጣ?» ይለኛል። ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ይሰማል። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለሁላችሁም ሰላም በሉልኝ»። የአባየ ስም ለብቻው አይነሳም። «ደግመሽ አንብቢው» ይለኛል። ደግሜ አነባለሁ። በሁለተኛውም ስሙ የለም።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ወንድሜ መጣ። ሰላምታው ቀዝቃዛ ነበር። በማግሥቱ ግን ዝናቡ ሲያባራ ብቻውን ወደ ማሳ ወረደ። አባየ ከሩቅ አይቶ ተከተለው፣ እኔም ተከተልኩ። ወንድሜ ከዋልካው ጭብጥ አፈር አነሳ። ውኃ ጠብ አደረገበትና አሸው። ከዚያ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል እየገፋ እንደ ጥብጣብ አወጣው። ረጅም ሆነ፣ አልተበጠሰም። የአፈር ትምህርት መርጦ እንደሚማር ያን ጊዜ ነገረን። ጥብጣቡ ሳይበጠስ በረዘመ መጠን ሸክላው ብዙ ነው፣ ውኃ ይዞ አይለቅም አለ። አባየ ከጎኑ ቁጭ አለ። እሱም አፈር አነሳ፣ ምራቁን ጠብ አደረገበት፣ በመዳፉ አድቦለቦለው። «እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው» አለ። «እዚህ ጋ ፈሰስ ካላወጣሁለት ጤፉ ይበሰብስብኛል።» ወንድሜ ፈሰሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቀው። እስኪመሽ ከማሳው አልወጡም።

አስቡት። አንዱ አፈሩን ዕድሜ ልኩን በእጁ ያውቀዋል። ሌላው ያንኑ አፈር በመጽሐፍ እየተማረ ነው። ከእነሱ የበለጠ የሚያወሩት ነገር የነበረው አባትና ልጅ በጎጃም የነበረ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ቀሩ፤ ማንም ባልተመደበበት ምርጫ ምክንያት። ደግሞ ያገኙት ያችን አንድ ክረምት ብቻ ነው። አባየ በሚቀጥለው ዓመት አረፈ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ምርጫ ትሞላላችሁ፤ የሚመድባችሁ ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ውጤታችሁና የየዩኒቨርሲቲው ቦታ ይወስናል። አንደኛ የሞላችሁት ሊደርሳችሁም ላይደርሳችሁም ይችላል። ሐኪም ልሁን መሐንዲስ ብላችሁ ከወላጅ ጋር የምትጣሉም አላችሁ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ መጀመሪያ የፍሬሽማን፣ ማለት የአንደኛ ዓመት፣ የጋራ ኮርሶችን ነው የምትወስዱት። ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከዚያ በኋላ በውጤት ነው። የዛሬው ጠብ እዚያ ሳትደርሱ ያልቃል፣ ቅያሜው ግን አብሯችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ለጎረቤቴ ልጅ ያልኳት፣ ቀይሪው፣ ግን ነግረሽው ቀይሪው ነው። ከተቆጣም ይቆጣ። ቁጣ ያልፋል፤ ተደብቆ የተቀየረ ምርጫ ግን ሲታወቅ አባትን ያዋርዳል።

አባቶችንም ቢሆን አልፈርድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ማለፍ ብርቅ በሆነበት ጊዜ ልጅ ሲያልፍ ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይፈራል። መንገዱም እንደምናውቀው ነው፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ቅርብ ይሁንልኝ ማለት ፍቅር ነው። ቢሆንም ልጅን ከቤት ማውጣት ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። የእናቴ አባት ደበሎና አኩፋዳ ይዞ፣ ለእናቱ እንኳ ሳይነግር ቅኔ ፍለጋ ዲማ ጊዮርጊስ የገባ ሰው ነበር። ያኔ ዕድሜው ከእናንተ ያንስ ነበር። ከዚያም ዋሸራ ተሻገረ። ውሻ እየተከላከለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ተማረ። እናቱ ስታለቅስ ከረመች ይባላል። ይህን ሳስብ፣ ሳይነግሩ መሄድም ሰው ያወጣል ማለቴ ነው፤ አሁን ካልኩት ጋር አይገጥምም፣ አውቃለሁ። ግን የሆነው እንዲያ ነው።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ብዙ ታውቃላችሁ። ዓለማያ የት እንደሆነ በስልካችሁ ወዲያው ታገኛላችሁ፣ የግቢውንም በር ታያላችሁ። ግን አንሶላ ማጠብ አታውቁም፤ ወንዶቹ በተለይ። ያስተማርኳችሁ ስለሆንኩ በድፍረት እናገራለሁ። «እሺ» ትላላችሁ፣ ሆዳችሁ ግን ሌላ ነው። እምቢ ማለትን በጨዋ ደንብ ተማሩ።

ምደባው እንደወጣ፣ በዚያው ማታ ከአባትና ከእናት ጋር ካርታ አውጥታችሁ ቁጭ በሉ። የደረሳችሁ ቦታ ምን ያህል ከፍታ ላይ ነው? ደብረ ብርሃን የተመደበ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ይያዝ። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የተመደበ ስስ ልብስና አጎበር ያስፈልገዋል። የጥሪ ማስታወቂያው አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው ይላል እንጂ አየሩን አይነግራችሁም። መንገዱን በጣታችሁ ተከተሉ። የት ታድራላችሁ? መንገድ ቢዘጋ የቱ ዘመድ ጋ ትቆያላችሁ? ካፌ ነው ነን ካፌ፣ ማለት ግቢው ያበላችኋል ወይስ ራሳችሁ ትበላላችሁ? ነን ካፌ ከሆነ በወር ስንት ይላክላችኋል፣ በማን ቴሌብር? ይህን አባት እየጠየቀ፣ ልጅ እየመለሰ ይሁን። አባት የማያውቀውን ልጅ ያሳየው፤ ስለ ሰው አመልና ስለ ገንዘብ አያያዝ ደግሞ ልጅ ዝም ብሎ ይስማ።

ወላጆች፣ በየቀኑ አትደውሉ። ልጁ ሰው ይልመድ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሳይደውል እንዳይውል፣ ይህን አጥብቃችሁ ንገሩት። አባት ራሱ ያናግረው፤ «እናትህን ላቅርብልህ» ብሎ ስልኩን አያቀብል።

ኔትወርክ እንደሚጠፋ አይተናል። ስለዚህ የቤተሰቡን፣ የአንድ አዲስ አበባ ያለ ዘመድና የአንድ ጎረቤት ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ሻንጣው ውስጥ ክተቱ። በልጁ ሳይሆን በአባት ወይም በእናት እጅ ይጻፍ። መጻፍ የማይችል አባት ቁጥሮቹን ይጥራ፣ ልጁ ይጻፍለት።