መጥሪያ ለያዙ ወጣት አዳኞች

ውድ ልጆቼ፣

በሚኒሶታ ጫካ ባለ ነጭ ጅራቱን አጋዘን ማደን ከጀመራችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ መጥሪያው፣ ማለትም በትንፋሽ ተነፍቶ የአጋዘን ድምፅ የሚያሰማው ትንሽ ዕቃ፣ ለምን እንደማይሠራላችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት በባሌና በአርሲ ተራሮች አዳኞችን ስመራ ኖሬአለሁ፤ እዚያ የደጋ አጋዘንን የምንፈልገው ሸንተረር ላይ ተቀምጠን በአቅራቢ መነጽር ስለነበር፣ እንስሳን በድምፅ መጥራትን የተማርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። (የአሜሪካውንም አጋዘን እንለዋለን እንጂ ከእኛው ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም፤ የእኛው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ሲሸከም፣ የዚህኛው ወንድ በየዓመቱ አራግፎ እንደገና ያበቅላል።)

በመጀመሪያው ዓመት በየአምስት ደቂቃው እነፋ ነበር። አንድ ትልቅ ወንድ በእርግጥ መጣ፤ ነገር ግን የመጣው ከጀርባዬ ስለነበር፣ ሽታዬን ነፋሱ አድርሶለት በአፍንጫው አናፍቶ ነጭ ጅራቱን እያውለበለበ ሲሸሽ ብቻ አየሁት። ጥፋቱ የመጥሪያው አልነበረም። ዕድሜ የጠገበ ወንድ ጥሪ ሲሰማ በቀጥታ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጆሮው የነገረውን በአፍንጫው ሊያረጋግጥ ዞሮ፣ ነፋሱ ከእናንተ ወደ እርሱ በሚነፍስበት በኩል ይቀርባል። ስለዚህ መቀመጫችሁን ስትመርጡ በዚያ በኩል ሐይቅ ወይም ረግረግ መንገዱን የሚዘጋበትን፣ ካልሆነም ሲዞር አሻግራችሁ የምታዩበትን ገላጣ ስፍራ ፈልጉ። ይህን ሳታደርጉ መንፋት ራስን ማጋለጥ ነው።

ድምፆቹ ጥቂት ናቸው። አጭር ጉርምርምታ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል፤ የእንስቷ ለስላሳ ጩኸት እርሱን ያግዛል፤ በአፍንጫ የሚሰማው ረጅም የቁጣ ድምፅ ግን ወጣት ወንዶችን ስለሚያስደነግጥ ለጀማሪ አልመክረውም። ወንዶቹ እንስት ፍለጋ የሚንከራተቱበት ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ሆኖም እንስት አጠገቡ ያለችው ወንድ ብትጠሩትም ትቷት አይመጣም።

ወደ እናንተ እየመጣ ላለ እንስሳ ፈጽሞ አትንፉ። የምትጠሩት አልፎ ሊሄድ ሲል፣ ፊቱን ካዞረ በኋላ ነው፤ ቆም ብሎ ጆሮውን ወደ እናንተ ከመለሰ ሰምቷልና ዝም በሉ፤ እርሱ ወደ እናንተ እያየ ከደገማችሁት ድምፁ የወጣበትን ቦታ ለይቶ አጋዘን እንደሌለ ያውቃል። ምንም ሳታዩ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ አጉረምርማችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ብዙ ወጣቶች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሻይ የሚቀዱት እንስሳው ሊደርስ ሲል ነው።

ቀንድ ማጋጨት፣ ማለትም ሁለት ቀንድ አጋጭቶ የወንዶችን ፍልሚያ ማስመሰል፣ ከሩቅ ይሰማል፤ በሕዝብ መሬት ላይ ግን ሌላ አዳኝንም ይጠራል። ብርቱካናማ ልብሳችሁን ሳትለብሱ፣ ጀርባችሁንም ለወፍራም ግንድ ሳትሰጡ አትሞክሩት። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መጥሪያዎች በብዙ ክፍለ ግዛቶች ስለተከለከሉ የዓመቱን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ።

በብርድ ጊዜ የትንፋሻችሁ እርጥበት በመጥሪያው ውስጥ ያለችው ድምፅ የምታወጣ ስስ ልሳን ላይ በረዶ ይሆንና ድምፅ አልባ ያደርጋታል፤ እኔ የማኖረው ከካፖርቴ ሥር በደረት ኪሴ ነው።

አጎታችሁ