«ጫማውን ሰቀለ» ለበረዶ ሆኪ ተጫዋች ይሆናል?

ጥያቄ፦ ስዊድን ነው የምኖረው። ልጆቼ የበረዶ ሆኪ ይወዳሉና በአማርኛ እንዲያነቡት ብዬ የኒክላስ ሊድስትሮምን የጨዋታ ዘመን በአጭሩ ጻፍኩላቸው። እንዲህ ይላል፦ «ኒክላስ ሊድስትሮም የዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ተከላካይ ነበር። በ2006 ካፒቴን ሆኖ ተሾመ። አራት ጊዜ የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። በ2012 ከክለቡ ተሰናበተ፤ ጫማውንም ሰቀለ።» ወንድሜ አንብቦ «ይሄ የእግር ኳስ ቋንቋ ነው፤ ለበረዶ ሆኪ አይሆንም» አለኝ። እውነቱን ነው? ከሆነስ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ወንድምዎ የእግር ኳስ ቋንቋ መሆኑን መለየታቸው ልክ ነው። «አይሆንም» ባሉት ግን አልስማማም። አማርኛ ስለ ዘመናዊ የቡድን ስፖርት አፉን የፈታው በእግር ኳስ ነው። ተከላካይ፣ አጥቂ፣ ግብ ጠባቂ፣ አምበል የሚሉትን ቃላት ከሬዲዮ ስንሰማ ኖረናል፤ ቅርጫት ኳሱም መረብ ኳሱም ከዚሁ ተበድረዋል። የበረዶ ሆኪ ቢበደር ነውር የለበትም። ሥራው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ እያንዳንዱ ቃል የያዘው ሥዕል ከጨዋታው ጋር ይገጥማል ወይ ብሎ መመርመር። በጻፏቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የሚገጥምም የማይገጥምም አለ።

«ተከላካይ» እንዳለ ይቀመጥ። ቃሉ «ከለከለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሊድስትሮም ደግሞ በግሱ ሙሉ ትርጉም የሚከለክል ተጫዋች ነበር። ብዙ የሆኪ ተከላካዮች ስማቸውን የሚገነቡት ባላጋራን በትከሻ እየገጩ ነው። እሱ ግን ቀድሞ ቦታ ይዞ፣ ዱላውን ዘርግቶ፣ መንገዱን ይዘጋል። በ1,564 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች በቅጣት የተመዘገበበት 514 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቢካፈል ለአንድ ጨዋታ 20 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። በሰሜን አሜሪካው ሊግ ለዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የኖሪስ ዋንጫ ሰባት ጊዜ ወስዷል፤ የመጨረሻውን በ41 ዓመቱ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቃሉን ስናራዝመው ነው። «የመሐል ተከላካይ» እንዳይሉ። በሆኪ በአንድ ጊዜ በረዶው ላይ የሚቆሙት ስድስት ሰዎች ናቸው፦ አንድ ግብ ጠባቂ፣ ሁለት ተከላካዮች፣ ሦስት አጥቂዎች። መሐል የሚባል ተከላካይ የለም፤ ሊድስትሮም የግራ ተከላካይ ነበር። «አማካይ» የሚለውንም ይተዉት፤ በሆኪ መሐል ላይ የሚሰለፈው ሰው ከሦስቱ አጥቂዎች አንዱ ነው። «የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ሁለተኛ አጋማሽ» ማለትም አያስኬድም፤ ጨዋታው ባለ 20 ደቂቃ ሦስት ክፍለ ጊዜ ስላለው «ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ» ነው የሚባለው።

«ካፒቴን»ን ያውጡት። በዛሬው አማርኛ ካፒቴን ብንል ሰሚው የሚያስበው አውሮፕላን አብራሪ ወይም የመርከብ አዛዥ ነው። በጦር ሠራዊት «ሻምበል» እንላለን፤ በጨዋታ ቡድን «አምበል»። አንዳንዱ «አንበል» ብሎ ይጽፋል። «ን» ከ«በ» ፊት ስትውል ከንፈር ስለሚገጥም ድምፅዋ ወደ «ም» ይሄዳል፤ ወንበርና ወምበር፣ ግንባርና ግምባር፣ ዝንብና ዝምብ እየተባለ የሚጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው። በስፖርት ጽሑፍ የጸናው «አምበል» ስለሆነ እሱን እመርጣለሁ። ዋናው ግን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን አለመቀላቀል ነው።

የቃሉ ተከታዮች ግን ከእግር ኳስ ወደ ሆኪ እንዳሉ አይሻገሩም። በእግር ኳስ አምበሉ ክንዱ ላይ ማሰሪያ ያስራል፤ ስለዚህ «የአምበልነት ማሰሪያውን አጠለቀ» እንላለን። በሆኪ ማሰሪያ የለም። አምበሉ ደረቱ ላይ «ሲ» የምትባለው የላቲን ፊደል ተሰፍታ ትታያለች፤ ምክትሎቹ «ኤ» ይለብሳሉ። ስለ ውሳኔ ዳኛውን ቀርቦ የማነጋገር መብት ያለው እሱ፣ እሱ ከሌለም ምክትሉ ነው። ስለዚህ «የአምበልነትን ፊደል ለበሰ» ቢሉ ልጆችዎ በቴሌቪዥን ከሚያዩት ጋር ይገጥማል።

ከሁሉ በላይ ልቆምበት የምፈልገው «ተሾመ» የሚለው ግስ ላይ ነው። ስሕተት አይደለም፤ ግን ታሪኩን ይሸፍናል። ሹመት ከላይ ይወርዳል፦ ንጉሥ ይሾማል፣ ጳጳስ ይሾማል፣ መንግሥት ይሾማል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እንደሚያሳየው የጥቅምም ሽታ አለበት። የሊድስትሮም ነገር ሌላ ነው። ከእሱ በፊት አምበል የነበረው ስቲቭ አይዘርማን ነው፤ ከ1986 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ፊደሏን ለብሶ፣ በ2006 ክረምት ጨዋታ አቆመ። ሊድስትሮም ያን ጊዜ በአንድ ክለብ 14 የውድድር ዘመን የቆየ የ36 ዓመት ሰው ነበር። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ግስ «ተረከበ» ነው፦ «አምበልነቱን ከስቲቭ አይዘርማን ተረከበ»። ርክክብ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሰጪውም ተቀባዩም በአንድ ቃል ውስጥ ይታያሉ። «ወረሰ» አይበሉ፤ አይዘርማን በሕይወት አለ፣ ውርስ ደግሞ ከሞት በኋላ ነው። በጥር 2022 ክለቡ ሊድስትሮምን ምክትል ፕሬዚዳንት ባደረገው ጊዜ ግን «ተሾመ» ማለት ተገቢ ነው፤ ያ የቢሮ ሥልጣን ነውና።

«አራት ጊዜ ዋንጫ አነሳ» ያሉትም እንዲሁ ጥቂት ማስተካከያ ይፈልጋል። በአማርኛ «ዋንጫ አነሳ» ማለት አሸነፈ ማለት ነውና ለቡድን ሲባል ችግር የለውም። ስለ አምበል ሲጻፍ ግን ማንሳቱ ራሱ ክንውን ነው። በሆኪ ልማድ የሊጉ ኮሚሽነር ዋንጫውን ለአምበሉ ያስረክባል፤ አምበሉ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ በረዶው ላይ ይንሸራተትና ለመረጠው ጓደኛው ያቀብላል። ዲትሮይት በ1997፣ በ1998ና በ2002 ሲያሸንፍ ቀድሞ ያነሳው አይዘርማን ነው። ሊድስትሮም በአምበልነት ያነሳው የ2008ቱን ነው፤ ሰኔ 4 ቀን፣ ፒትስበርግ ላይ፣ የባለሜዳውን ቡድን በስድስተኛው ጨዋታ አሸንፈው። ቀጥሎ የሰጠው ለዳላስ ድሬክ ነበር፤ ረጅም ዘመን ተጫውቶ አንድም ጊዜ ዋንጫ ላላገኘ አንጋፋ። ስለዚህ «አራት ጊዜ አሸነፈ፤ አራተኛውን በአምበልነት አነሳ» ብለው ሁለቱን ግሶች ይለዩዋቸው። እኔ ብሆን የድሬክን ነገር ለልጆች ከሚጻፍ ጽሑፍ አላስቀርም።

ይህን ሲጽፉ «ዋንጫውን ያነሳ የመጀመሪያው አውሮፓዊ አምበል» ወደሚለው ሐረግ መሄድዎ አይቀርም። «በአውሮፓ የተወለደ» ብቻ ካሉ ስሕተት ይሆናል፤ በ1934 የቺካጎው አምበል ቻርሊ ጋርዲነር ስኮትላንድ ተወልዶ ካናዳ ያደገ ሰው ነበር። «አውሮፓ ተወልዶ አውሮፓ በሠለጠነ ተጫዋች የመጀመሪያው» ይበሉ። አንዲት ሐረግ ብትጨመር ዓረፍተ ነገሩ እውነት ይሆናል።

እርስዎ አልጠየቁም እንጂ ቀጥሎ የሚገጥምዎት ችግር በዱላ የሚመታው ነገር ስም ነው። ፓክ ከጠጣር ጎማ የተሠራ ዝርግ ክብ ነው፤ ኳስ አይደለም። ስለዚህ «ጎል የሚሆን ኳስ አቀበለ» ሊሉ አይችሉም። «ጥንግ» እንበለው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሐሳቡ የሚወደድ ቢሆንም ጥንግ ድቡልቡል ነው፤ ልጆቹን ያሳስታል። አንድ ጊዜ አብራርተው «ፓክ» ይበሉት። ከገና ጨዋታ በሙሉ ልብ መውሰድ ያለብን ግን ግሱን ነው፦ «ለጋ»። «መታ» ለሁሉም ነገር ያገለግላል፤ ዱላ አንሥቶ የሚንከባለለውን መምታት ግን «ለጋ» ነው፤ የእግር ኳስ ተንታኞችም ተውሰውታል። ሆኪ በዱላ የሚጫወቱት ነውና ከእግር ኳስ ይልቅ ለግሱ የቀረበ ነው። የቱሪኑን የኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ የካቲት 2006ን ያስቡት። ስዊድንና ፊንላንድ ሁለት ለሁለት ናቸው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በተጀመረ በ10 ሰከንድ ማትስ ሱንዲን ፓኩን አቀበለው፤ ሊድስትሮም በኃይል ለጋው፤ ገባ። ስዊድን 3 ለ 2 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። በዚህ ቦታ «መታው» ቢሉ ትክክል ነው፤ «ለጋው» ቢሉ ግን ዱላው ይታያል።

በቁጥር ላይ አንድ ነገር፦ ሊድስትሮም 264 ጎል አስቆጥሯል። 878 ጊዜ ደግሞ በማመቻቸት ተመዝግቦለታል። «878 ጎል የሆኑ ኳሶችን አቀበለ» ማለት ከኳሱ ሌላ ሁለተኛ ግድፈት አለበት፤ በሆኪ ለአንድ ጎል እስከ ሁለት አመቻች ሊመዘገብ ይችላልና ሁልጊዜ የመጨረሻው አቀባይ እሱ ነው ማለት አይደለም። «878 ጎሎችን በማመቻቸት ተሳትፏል» ይበቃል።

የቅጽል ስሙንም በቀጥታ አይተርጉሙት። የቡድን ጓደኞቹ የሰጡት ስም ቃል በቃል ሲመለስ «ፍጹም ሰው» ይሆናል። ያ ሐረግ በአማርኛ ባለቤት አለው፤ በቤተ ክርስቲያን «ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው» ሲባል ለሰማ ጆሮ ለሆኪ ተጫዋች መስጠቱ ይከብዳል። ጓደኞቹ ማለት የፈለጉት የማይሳሳት፣ የማይዝረከረክ መሆኑን ነው። «እንከን የለሹ» ያን ይሸከማል።

አሁን ወደ መጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ልምጣ። «ጫማውን ሰቀለ» እንዲያውም ከእግር ኳስ ይልቅ ለሆኪ የሚስማማ ነው። በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ነገር ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ ነው፤ ያለ እሱ ማንም አይጫወትም። ከውጭ ቋንቋ የመጣ አነጋገር ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ ሆኖም የአማርኛ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ከተረዳው ቆይቷል፤ ገብቷል። «ጡረታ ወጣ» ከሚለው እጅግ ይሻላል፤ ጡረታ የ42 ዓመት ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚወስደው ውሳኔ አይመስልም።

ሳይታረም እንዳያልፍ የምለምንዎ «ከክለቡ ተሰናበተ» ያሉትን ነው። «ከሥራ ተሰናበተ» ስንል ተባረረ ማለታችን ነው፤ «ከክለቡ ተሰናበተ» ሲባልም አንባቢው ውሉ ተቋርጦ የወጣ አድርጎ ያነብበዋል። ሊድስትሮም ግን ክለቡ እንዲቆይ እየፈለገ በራሱ ውሳኔ የቆመ ተጫዋች ነው። በሃያ የውድድር ዘመኖቹ ዲትሮይት ከመደበኛው ውድድር በኋላ ካለው የዋንጫ ፉክክር አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም። በ2014 አምስት ቁጥር ማልያው ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ሜዳው ጣሪያ ላይ ተሰቀለ፤ በ2015ም የሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ። «ከ»ን አውጥተው «ን»ን ያስገቡ፦ «ክለቡን ተሰናበተ»። በዚህኛው ተሰናባቹ ራሱ ነው፤ እጅ ነሥቶ የሄደ።

ዓመቶቹ ላይም «እ.ኤ.አ.» ይጨምሩ፤ እኔም እዚህ የጠቀስኳቸው ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። «በ2006» ብቻ ከተባለ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ሊድስትሮም አምበል የሆነው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ሊመስለው ይችላል። ጨዋታ ማቆሙን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2012 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 23 ቀን 2004 ዓ.ም.። ልጆችዎ ስዊድን ስላደጉ የመጀመሪያው ይበቃቸዋል፤ ጽሑፉን አዲስ አበባ ላሉ አያቶቻቸው የሚልኩ ከሆነ ግን ሁለቱንም ይጻፉ።