ጭስ አጥንቼ ማን ይቀጥረኛል?

«ድሬዳዋ በኬሚስትሪ ተመርቄ ሐረማያ ለማስተርስ ተቀብለውኛል። ርዕሴ ከማገዶ ጭስ የሚወጣ አሞኒያ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ግን ውድ መሣሪያ የለም። አንድ መምህሬም ‹አሞኒያ ከእበትና ከማዳበሪያ እንጂ ከእሳት አይመጣም› አሉኝ። አባቴ ደግሞ ‹ጭስ አጥንተሽ ማን ይቀጥርሻል? ታይዋን ገበያ አጎትሽ ሱቅ ግቢና የወንድምሽን ሠርግ አግዢ› ይላሉ። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው።»

እህቴ፣ ከመምህርሽ ቃልና ከመሣሪያው ልጀምር፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ ጥሩ ርዕስ የሚጥለው «መሣሪያ የለም» በሚል ነውና።

መምህርሽ ግማሹን ልክ ናቸው። ትልቁ የአሞኒያ ምንጭ እርሻና ከብት ነው፤ ቃጠሎ ግን ከእሱ ቀጥሎ ይጠራል። ማገዶ ውስጥ ናይትሮጅን አለ። እሳቱ ቦግ ብሎ ሲነድ ይህ ናይትሮጅን በአብዛኛው ናይትሮጅን ኦክሳይድና ተራ የናይትሮጅን ጋዝ ይሆናል። ነበልባሉ ወድቆ ነጭ ጭስ ሲትጎለጎል ግን አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። ኩበት በናይትሮጅን ከእንጨት ይበልጣል፣ በዚያ ላይ ከመንደድ መጤስ ይቀናዋል። ታትመው በወጡ ልኬቶች አንድ ኪሎ ኩበት ከ4 እስከ 5 ግራም አሞኒያ ሲለቅ፣ ለምግብ ማብሰያ የሚነድ እንጨት 1 ግራም እንኳ አይሞላም። አሞኒያው አየር ላይ ከሰልፈሪክና ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባ ድረስ የሚዘልቅ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል።

ይህን ለመለካት ውድ የሌዘር መሣሪያ አያስፈልግሽም። ሲትሪክ አሲድ አልኮል ውስጥ አሟሚና ማጣሪያ ወረቀት ነክረሽ አድርቂ። ጭሱ መጀመሪያ በቴፍሎን ማጣሪያ ይለፍና ብናኙ እዚያ ይቅር፤ ከኋላው ሁለት አሲድ የጠጡ ወረቀቶች በተከታታይ ይቀመጡ። ጭሱን የሚስበውን ፓምፕ በደቂቃ 1 ሊትር ላይ አድርጊው። ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ በላይ ከያዘ የፊተኛው ሞልቶ አምልጦታል፤ ጊዜውን አሳጥሪ። ወረቀቱን በ10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ አጥበሽ ፌኖል፣ ሃይፖክሎራይትና ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ ጨምሪበት። ጨለማ ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቆይ ሰማያዊ ይሆናል፤ የቀለሙን ድምቀት በሚለካው በስፔክትሮፎቶሜትር 640 ናኖሜትር ላይ አንብቢው። ፌኖል ቆዳ ያቃጥላል፤ ያለ ጓንትና ያለ ቤተ ሙከራ የጋዝ መሳቢያ (ፊውም ሁድ) እንዳትነኪው።

የሚበላሸው የት እንደሆነ ልንገርሽ። አሞኒያ ቱቦ ላይ ይጣበቃል። ኩበት ለክተሽ በዚያው የብረት ቱቦ እንጨት ብታስከትዪ የእንጨቱ ቁጥር ውሸት ነው፤ ከኩበቱ የቀረው ነው የሚወጣው። ስለዚህ አጭር የቴፍሎን ቱቦ ተጠቀሚ፣ ከእንጨት ጀምረሽ ወደ ኩበት ሂጂ። ጭስ ያላየ ብላንክ ወረቀት በየቀኑ ቢያንስ ሦስት ይኑርሽ፤ ያላበው እጅሽ፣ ትንፋሽሽ፣ ጎረቤት ያለ በረት ሁሉ አሞኒያ ይጨምራሉና። ማገዶውን ከማንደድሽ በፊት ከፊሉን በ105 ዲግሪ አድርቀሽ እርጥበቱን መዝግቢ። ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብረው ይለኩ። ያለ እነሱ እሳቱ እየነደደ ይሁን እየጤሰ ፈታኞችሽ ፊት ማስረዳት አትችዪም። ደግሞ ነበልባሉ ሲወድቅ ፓምፑን አታጥፊ! አብዛኛው አሞኒያ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

«በሳተላይት ሥሪው» የሚልሽ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2006 በመጠቀችው ሜቶፕ በተባለች ሳተላይት የተጀመረው፣ አሞኒያን ከላይ የሚያየው የያሲ (IASI) መሣሪያ መረጃ በነጻ ይገኛል። ግን አንዷ ነጥቡ 12 ኪሎ ሜትር ትሰፋለች፤ የቀኑ ምልከታውም ጠዋት 3፡30 አካባቢ ነው። በበጋ የሚቃጠለውን የጋምቤላ ሣር ሊያሳይሽ ይችላል፣ እዚያው ድሬዳዋ ያለውን የገንደ ቆሬን ሰፈር ማድቤት ግን በፍጹም። ለአንድ ምዕራፍ ይበቃል፣ ለሙሉ ሥራ አይሆንም።

አሁን ወደ አባትሽ። የሚቀጥርሽ ርዕስሽ አይደለም፣ እጅሽ ነው። ያ ሰማያዊ ቀለም የመጠጥ ውሃና የፋብሪካ ፍሳሽ አሞኒያም የሚለካበት ነው። ብላንኳ ንጹሕ የሆነ፣ የልኬት መስመሯ ቀጥ ያለ ኬሚስት ውሃ ቤተ ሙከራም ፋብሪካም ትፈለጋለች። እኔም ከውሃ ምርመራ ስለመጣሁ ወደዚያ አደላለሁ፤ ይህን አውቀሽ ስሚኝ። የወንድምሽ ሠርግ ግን ያንቺ ዕዳ አይደለም። ሱቁን በተመለከተ አጎትሽን በወር ስንት እንደሚከፍሉሽ በቁጥር ጠይቂያቸው፤ መልሱ «ቤተሰብ ነሽ» ከሆነ ሥራ አልተሰጠሽም። በሌላ በኩል የማስተርሱን ወጪ የሚችልልሽ ከሌለ፣ በየቀኑ ከድሬዳዋ ወደ ሐረማያ የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ እየወረድሽ፣ ኬሚካሉንም ከኪስሽ እየገዛሽ አትዘልቂውም። ያኔ ቦታሽን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልሽ ጠይቂና ቤተ ሙከራ ተቀጠሪ፣ ደመወዙ ቢያንስም።

እንግሊዝኛሽን በሳምንት ሁለት ጽሑፍ እያነበብሽ ታሻሽዪዋለሽ፤ የዘዴ ክፍል ዓረፍተ ነገሮች ተደጋጋሚ ናቸው።

ከመመዝገብሽ በፊት አማካሪሽን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ስፔክትሮፎቶሜትሩ ይሠራል ወይ፣ የተጣራው ውሃ አሞኒያ የለበትም ወይ፣ ፓምፕና የፍሰት መለኪያ ከማን ይዋሳሉ። ውሃውን ራስሽ ፈትሺው፤ ወረቀት ሳይታጠብበት በኬሚካሎቹ ብቻ ሰማያዊ ካወጣ መጀመሪያ ውሃው ይስተካከል።